ስለ ሕዋስ ትምህርት ለወላጆች የቀረበ ንግግር

(በሬዲዮ ከተነገሩት የታሪክ ንግግሮች የተወሰደ)



በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት የምትልኩ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሰባተኛ ክፍል በገባበት ዓመት አንድ አዲስ ቃል ከአፉ ትሰማላችሁ። ቃሉም «ሕዋስ» የሚል ነው፤ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበበ እንደ ሆነ ደግሞ «ሴል» ይለዋል። ማታ በምድጃው ዙሪያ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰውም ሆነ በግ፣ ገብስም ሆነ ጅብራ ሁሉም ከሕዋስ የተሠራ ነው ብሎ ይመልሳል። ለዚህ መልስ ብዙው ወላጅ «ጎሽ፣ በርታ» ከማለት በቀር የሚጨምረው ቃል አያገኝም፤ ነገሩ በእርሱ ዘመን ያልተማረው ወይም ተምሮት የረሳው ነውና።

ወላጅ ለልጁ ትምህርት የሚሰጠው ዋጋ የትምህርቱን ጥቅም በተረዳው መጠን ነው። መኸር በደረሰ ጊዜ ልጁን ከክፍል አስቀርቶ ወደ ማሳ የሚወስድ አባት ለልጁ ስለማያስብ አይደለም፤ ከማሳው የሚገባውን እህል በዐይኑ ስለሚያየውና ከክፍሉ የሚገኘውን ፍሬ ግን ስለማያየው ነው። ሕዋስ ደግሞ በባዶ ዐይን ከማይታዩት ነገሮች አንዱ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱ እጥፍ ድርብ የተሰወረ ይመስላል። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ ይህ የማይታየው ነገር እንዴት እንደ ታወቀ፣ ዕውቀቱም ወደ እኛ አገር ሲደርስ በጎንደር ምድር ለብዙ ሰዎች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ እንዴት እንደ ተገኘ የሚያስረዳ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ሕዋስ» የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ የስሜት መቀበያ ማለት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ አያቶች ልጁ «ሕዋስ» ሲል ቢሰሙ፣ «ሕዋሳትማ አምስት ናቸው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ» ብለው ያርሙት ይሆናል። የዘመናችን መምህራን ይህንኑ ጥንታዊ ቃል ወስደው ለአዲሱ ነገር ስያሜ አድርገውታልና አያትየውም አልተሳሳቱም፣ ልጁም አልተሳሳተም። እንዲሁም ሊቃውንቶቻችን ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከእነዚህም አራቱ ማለት መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት የሥጋ ሲሆኑ፣ ሦስቱ የነፍስ ናቸው። ይህ ትምህርት የሚመልሰው «ሰው ከምን ተፈጠረ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የሕዋስ ትምህርት ግን «የሕያዋን አካል እንዴት ሆኖ ተሠራ?» የሚለውን ይመልሳል። አንድ ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ነው ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ እልፍኙ በዚህ፣ ጓዳው በዚያ፣ በሩ በወዲህ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ስለ አንድ ቤት ይናገራሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይጣሉም።

እንግዲህ ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚሠራበት ትንሹ ሕያው ክፍል ነው። ብዙዎቹ የእንስሳት ሕዋሳት እጅግ ጥቃቅን ከመሆናቸው የተነሣ በአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከ30 እስከ 100 የሚሆኑት ተሰልፈው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን የሚለይ ስስ ሽፋን አለው፤ በውስጡም ልዩ ልዩ ሥራ የሚሠራበት ፈሳሽ ይገኛል፤ በብዙዎቹ ሕዋሳት መካከል ደግሞ ሥራውን ሁሉ የሚመራ አስኳል አለ። የዕፀዋት ሕዋስ በዚህ ላይ ጠንካራ ግድግዳና የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ምግብ የሚሠሩ አረንጓዴ አካላት አሉት። በአንድ ሙሉ ሰው አካል ውስጥ ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጉ ሕዋሳት እንደሚገኙ ይገመታል። እነዚህ ሁሉ የተገኙት በእናት ማሕፀን ከተፀነሰው ከአንዱ የመጀመሪያ ሕዋስ ነው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1665 ዓመት በጎንደር ዐፄ ፋሲል ነግሠው በነበሩበት ጊዜ፣ በለንደን ከተማ ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ በአጉሊ መነጽር ያያቸውን ነገሮች በሥዕል አስደግፎ በመጽሐፍ አወጣ። ሁክ የጠርሙስ ክዳን ከሚሠራበት የዛፍ ቅርፊት ስስ ቁራጭ ቆርጦ ሲመለከት፣ እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው የተያያዙ ባዶ ክፍሎች አየ። ስማቸውንም በቋንቋው ትንንሽ ክፍሎች ብሎ አወጣ፤ «ሴል» የሚለውም ቃል ከዚህ መጣ። በደብረ ታቦር አካባቢ የቅኔ ጉባኤ ያለበትን ደብር የሚያውቅ ሰው ይህን ስያሜ ለመረዳት አይቸገርም፤ የተማሪዎቹ ጎጆዎች በመምህሩ ዙሪያ ተጠጋግተው ሲታዩ ሁክ ያየውን ዐይነት ሥዕል ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ሁክ ያየው የደረቀ ቅርፊት ነበርና፣ ያገኘው ጎጆውን እንጂ በጎጆው ውስጥ የሚኖረውን አልነበረም።

የሚኖረውን ያየው ሌላ ሰው ነው። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌውንሁክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ፣ መነጽር በገዛ እጁ እየሞረደ ከ200 ጊዜ በላይ የሚያጎላ መሣሪያ ለመሥራት ቻለ። ይህ ሰው በ1670ዎቹና በ1680ዎቹ ዓመታት በሐይቅ ውሃ ጠብታ፣ በደምና በጥርስ ላይ በሚገኘው እድፍ ውስጥ ተመልክቶ፣ ከእርሱ አስቀድሞ ማንም ያላያቸውን እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘ። የኮሌጅ ትምህርት ያልነበረው ነጋዴ መሆኑን ወላጆች ልብ ሊሉት ይገባል፤ ያየውን በጥንቃቄ እየጻፈ መላኩና ደጋግሞ መመልከቱ ከሊቃውንት ተራ አስቆጥሮታል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት እንደገና ተንቀሳቀሰ። ይህ ዘመን ደግሞ ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት መዲና የነበረችበት ነው። ራስ ዓሊ ሥልጣን በያዙበት በ1831 ሮበርት ብራውን የተባለው ስኮትላንዳዊ በዕፀዋት ሕዋስ ውስጥ አስኳል እንዳለ ለሊቃውንት ጉባኤ አስረዳ። ራስ ዓሊ ገና በደብረ ታቦር ሳሉ በ1838 ማቲያስ ሽላይደን ዕፀዋት ሁሉ ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን፣ በ1839 ደግሞ ቴዎዶር ሽቫን እንስሳትም እንዲሁ መሆናቸውን ገለጹ። በዚህም የገብስ ቅጠልና የበሬ ጡንቻ በአንድ ሥርዓት የተሠሩ መሆናቸው ታወቀ። ሮበርት ሬማክ የተባለው ሐኪም ሕዋስ ለሁለት እየተከፈለ እንደሚበዛ አመለከተ። በ1855 ደግሞ ሩዶልፍ ቪርኮ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም፣ ማናቸውም ሕዋስ ከእርሱ በፊት ከነበረ ሕዋስ ብቻ እንደሚወለድ፣ የበሽታም መሠረት በሕዋስ ላይ የሚደርስ ጉዳት እንደ ሆነ አስታወቀ።

ይህ 1855 የተባለው ዓመት ለእኛ ምን ዓመት እንደ ነበረ አንባቢ ሳያስታውሰው አይቀርም። ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም በአውሮጳ አቆጣጠር 1855 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ጥበብ መንደር አቋቋሙ። በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሽኮና ትምህርት ቤት የመጡትን ቴዎፊል ቫልድማየርንና ባልደረቦቹን በዚያ አስቀምጠው፣ ብረት እንዲያቀልጡ፣ መድፍ እንዲሠሩ፣ የኢትዮጵያንም ወጣቶች ጥበብ እንዲያስተምሩ አዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በዚያ መሠራቱን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚያውቀው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሰዓት የጠየቁት ጥበብ የዘመኑ ጭንቀት ያስጠየቃቸው ነበረና በዚህ የሚነቅፋቸው የለም። ነገር ግን አገር ከብረት ጥበብ ሌላ የሚያስፈልገው ዕውቀት እንዳለ ከዚያው ከጋፋት ዘመን ታሪክ ማየት ይቻላል።

በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከነበሩት አውሮጳውያን መካከል ጌኦርግ ቪልሄልም ሽምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ዕድሜውን በአገራችን የጨረሰ ነው፤ በመቅደላ ከነበሩት እስረኞች ጋር በ1868 ከተፈታ በኋላም በዓድዋ ኖሮ በ1878 በዚያው ሞተ። ሥራው በየቆላውና በየደጋው የሚበቅለውን ዕፅ እየሰበሰበ፣ እያደረቀ ወደ አውሮጳ መላክ ነበር። ዛሬም አያሌ የኢትዮጵያ ዕፀዋት በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ የሽምፐርን ስም ይዘው ይገኛሉ። የእርሱ የአጎት ልጅ ልጅ የሆነው አንድሬያስ ሽምፐር ደግሞ በ1883 የዕፀዋትን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ አረንጓዴዎቹ አካላት ራሳቸው እየተከፈሉ የሚበዙ መሆናቸውን ተመለከተ። ከዚህም ተነሥቶ እነዚህ አካላት በጥንት ዘመን ራሳቸውን ችለው ይኖሩ የነበሩ፣ ኋላ ግን ከሌላ ሕያው ጋር ተዋሕደው መኖር የጀመሩ ሳይሆኑ አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ብዙ ዓመት ችላ ከተባለ በኋላ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ማስረጃ ተገኝቶለት፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚስተማር ሆኗል።

ከአንድ ቤተ ዘመድ አንዱ በሐበሻ ተራሮች ላይ ቅጠል ሲለቅም፣ ሌላው በአውሮጳ የቅጠሉን ውስጥ ሲያይ ማለት ነው። ቅጠሉ የእኛ ነበር፤ ስሙንና መድኃኒትነቱን የሚያውቁትም የእኛ ሰዎች ነበሩ። የጎደለን ማይክሮስኮፕና ማይክሮስኮፕን ለማየት የሠለጠነ ዐይን ነበር። ይህ ጉድለት በዚያ ዘመን ያስከተለው ጉዳት ጎልቶ ባይታወቅም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በጎንደር ምድር በሰው ሕይወት ተቆጠረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1880 አልፎንስ ላቬራን የተባለው የፈረንሳይ ጦር ሐኪም በአልጄሪያ ሳለ፣ ወባ በታመመ ሰው ደም ውስጥ የበሽታውን ምክንያት አገኘ። የወባ ምክንያት ነጠላ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ነው፤ በወባ ትንኝ ንድፊያ ገብቶ፣ በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ እየተራባ ሕዋሱን ይሰብረዋል። በኅዳር ወር 1946 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. በ1953፣ በጣና ሐይቅ ሰሜን በደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚሆን ሰው ፈጀ። ይህ መቅሠፍት ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተጨምሮ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም አደረገ። ኮሌጁም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ጠባቂዎችን እያሠለጠነ በየአውራጃው አሰማራ። በ1958 ደግሞ በኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ወባ ተነሥቶ፣ በግምት 3 ሚሊዮን ሕዝብ ታምሞ 150,000 ያህል ሰው ሞተ። ከኮሌጁ የሚወጡት ወጣቶች ገና ጥቂቶች ነበሩ፤ አንዲት የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ቀብተው፣ ቀለም አጥልቀው፣ «ይህ ወባ ነው፤ ይህ አይደለም» ብለው ለመለየት የሚችሉት ግን እንደ እነርሱ ያሉት ብቻ ነበሩ።

«ይህ አይደለም» የሚለው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለደቡብ ጎንደር ሰው ያስረዳው የሊቦ ከምከም ታሪክ ነው። ከ1997 ዓ.ም. አስቀድሞ በነበሩት ጊዜያት በዚህ ወረዳ በሚገኙ መንደሮች ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይታመሙ ጀመር። ሰውነታቸው ይከሳል፣ ፊታቸው ይገረጣል፣ ጣፊያቸው እያበጠ በግራ ጎናቸው ይገፋል። በአካባቢው ትኩሳት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ስለ ሆነ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አልዳኑም። መድኃኒት የማይበግረው ወባ መጥቷል ተብሎም ተጠረጠረ። ጊዜው በዚህ ሲያልፍ ብዙ ሰው ሞተ። በመጨረሻ በ1997 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. በ2005፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከጤና ባለሥልጣኖች ጋር ሆኖ ሲመረምር፣ በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር ቀድሞ የሚታወቀው እንደ መተማና እንደ ሑመራ ባሉት በረሃዎች እንጂ በዚህ ደጋ አፋፍ አልነበረምና፣ የጠረጠረው ሰው አልነበረም። ወደ እነዚያ ቆላዎች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱ ሠራተኞች በሽታውን ይዘውት ሳይመለሱ እንደማይቀሩ አጥኚዎች ይገምታሉ።

አሁን ልጃችሁ በክፍሉ የሚማረውን እዚህ ላይ አምጡት። የካላዛርም ምክንያት እንደ ወባ ነጠላ ሕዋስ ያለው ጥገኛ ነው። ነገር ግን የሚያስተላልፈው ትንኝ ሳይሆን የአሸዋ ዝንብ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ናት፤ የሚገባበትም ቀዩ የደም ሕዋስ አይደለም። የሰው አካል ከውጭ የሚመጣበትን ጠላት የሚውጡና የሚያጠፉ ነጭ ሕዋሳት አሉት፤ የካላዛር ጥገኛ በእነዚህ በዘበኞቹ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ሳይጠፋ በዚያው ይራባል። ስለዚህ ሁለቱ በሽታዎች በውጭ ሲታዩ አንድ ትኩሳት ናቸው፤ በውስጥ ግን ጠላቱ የተደበቀበት ቤት ልዩ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ካላዛር ካልታከመ የታመመውን ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገድል ሲሆን፣ በጊዜው ከታወቀ ግን ይድናል። በዚያ ጊዜ ለብዙዎቹ ሕሙማን የተሰጠው መድኃኒት ለ30 ቀን ያህል በየቀኑ በመርፌ የሚወሰድ ነበር፤ በአዲስ ዘመን ከተማ በሚገኘው ጤና ጣቢያም ብዙ ሰው ታክሞ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

እንግዲህ በሊቦ ሞትና ሕይወትን የለየው ነገር ሀብት ወይም ብርታት አልነበረም፤ የታመመው ሕዋስ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ነበር። ይህንንም ለማወቅ ከሰውየው አካል ጥቂት ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚመለከት የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ያ የሠለጠነ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሰባተኛ ክፍል ተቀምጦ፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ክብ ሥሎ በመካከሉ ነጥብ ሲያደርግ የተመለከተ ልጅ ነበረ። ሁሉም ልጅ ሐኪም ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ገበሬ የሚሆነውም ልጅ ከሑመራ ሲመለስ ትኩሳት ቢይዘው፣ «የሰሊጥ አገር ነበርሁ» ብሎ ለሐኪሙ መንገር እንዳለበት የሚያስተውለው፣ በሽታ ሕያው ጥገኛ መሆኑንና ከአገር ወደ አገር ከሰው ጋር የሚሄድ መሆኑን የተረዳ እንደ ሆነ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ «እኛ ያልተማርነውን ትምህርት እንዴት አድርገን ልጃችንን እንረዳዋለን?» ትሉ ይሆናል። መልሱ በቤታችሁ ውስጥ አለ። እናቶች ሆይ፤ ሕዋስን ከማንም ይልቅ ስትንከባከቡ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። በቡሃቃው ሊጥ ላይ የሚንሳፈፈው እርሾና በጋኑ ውስጥ የሚፈላው የጠላ ጥንስስ፣ ነጠላ ሕዋስ ብቻ ያላቸው እልፍ አእላፍ ሕያዋን የሚኖሩበት ነው። እነዚህ ሕያዋን የእህሉን ስኳር ተመግበው አየር ያወጣሉ፤ የእንጀራው ዐይን የሚከፈተውም አየሩ ሊጡን እየበሳ ሲወጣ ነው። ከላይ የጠቀስነው ሽቫን ራሱ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን በ1837 ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ሉዊ ፓስተርም ከ1857 ጀምሮ ባደረገው ጥናት አጸናው። የአውሮጳ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ሲከራከሩ፣ የደብረ ታቦር እናት ብርድ በበረታ ጊዜ ቡሃቃዋን ወደ ምድጃው ታስጠጋ ነበር፤ እርሾ ያለቀባትም ከጎረቤቷ ትበደር ነበር። ሕዋስ ከሕዋስ ብቻ ይወለዳል የተባለው የቪርኮ ሕግ፣ እርሾን ከእርሾ ከምታነሣው ሴት ሥራ የራቀ አይደለም። ይህን ለልጃችሁ ብታሳዩት፣ በመጽሐፍ ያነበበው ነገር በእናቱ ጓዳ እንዳለ ያውቃል።

አባቶችም የምታሳዩት አላችሁ። በፋርጣ ደጋ ድንች የማያበቅል ገበሬ ጥቂት ነው። አንድ ድንች ልጣችሁ በእኩል ውፍረት ቀጫጭን አድርጋችሁ ቁረጡ። ግማሹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን ብዙ ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ ስታወጡ፣ በንጹሕ ውሃ የነበረው ጠንክሮ ሲሰበር «ቀጭ» ይላል፤ በጨው ውሃ የነበረው ግን ተልፈስፍሶ ይታጠፋል። ምክንያቱም የሕዋሱ ስስ ሽፋን ውሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፣ ከውጭ ያለው ጨው በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ይስበዋል። ቋንጣ በጨው ታሽቶ ሲሰቀል ሳይበላሽ የሚቆይበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጨው ከሥጋውም፣ ሥጋውን ከሚያበላሹት ጥቃቅን ሕያዋንም ውሃውን ይወስድባቸዋልና። ልጁ ይህን በእጁ ከሠራ በኋላ ስለ ሕዋስ ሽፋን በፈተና ቢጠየቅ መልሱን ከድንቹ ያገኘዋል።

ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት እንደ ሆነ ደግሞ፣ የሽንኩርት ስስ ሽፋን ከእናንተ ቤት ይሂድ። ፎገራ የሽንኩርት አገር ነውና ይህ የሚቸግር አይደለም። በሁለት ቅርፊቶች መካከል ያለውን እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ሽፋን ላጥ አድርገው፣ በመስተዋት ላይ አስተኝተው፣ ለቁስል የሚሆነውን አዮዲን አንድ ጠብታ ሲያንጠባጥቡበት፣ ሕዋሳቱ እንደ ጡብ ግንብ ተሰልፈው፣ በእያንዳንዱም ውስጥ አስኳሉ እንደ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ትምህርት ቤት መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይሥለዋል። እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ሲያደርግ፣ ከአጥሩና ከወንበሩ ጋር ስለ አንድ ማይክሮስኮፕም ቢነጋገር መልካም ነው፤ አንድ ማይክሮስኮፕ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ዓመት ብዙ ልጆችን ያገለግላልና።

ከዚህ በላይ የምናሳስባችሁ ስለ ጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል። ያለፈውን ጊዜ መመለስ አይቻልም፤ በሩ ክፍት በሆነበት ቀን ሁሉ ግን ልጁ ክፍል እንዲገኝ ማድረግ የወላጅ ፋንታ ነው። ይህ ትምህርት በተከታታይ የሚሰጥ ነው። የሕዋስን ሽፋን በተማሩበት ሳምንት ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጥገኛ እንዴት ወደ ሕዋስ እንደሚገባ ሲነገር አይገባውም፤ ያልገባውንም ትምህርት ቀስ በቀስ ይጠላዋል። ለሴት ልጃችሁም እንደዚሁ አስቡ። ውሃ መቅዳቱና ወጥ መሥራቱ በእርስዋ ላይ ብቻ የተጫነ እንደ ሆነ፣ ማታ ደብተርዋን የምትከፍትበት ኀይል አይተርፋትም። ቤተሰቡ ሲታመም አስቀድማ የምታየውና ወደ ጤና ጣቢያ የምትወስደው ብዙ ጊዜ እርስዋ እንደ ሆነች የታወቀ ነውና፣ ይህን ዕውቀት ከእርስዋ መንፈግ ቤቱን ሁሉ መጉዳት ነው።

ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የጥበብ መንደር ያቆሙላት ደብረ ታቦር ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ጥበብን ለማግኘት የባሕር ማዶ ሰው የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ልጃችሁ ዛሬ ማታ ስለ ሕዋስ የተማረውን ሲነግራችሁ አታሳልፉት፤ «ሽፋኑ ምን ይሠራል? አስኳሉስ? ወባና ካላዛር በምን ይለያያሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። የማታውቁትን በመጠየቃችሁ አታንሱም፤ እርሱም ለእናንተ ለማስረዳት ሲል አጥብቆ ይማረዋል። ዕርሻችሁን የምትጠብቁትን ያህል የክፍሉን ቀን ጠብቁለት፤ በሌላ ጊዜ በሌላ መንደር ስሙ ያልታወቀ ትኩሳት ቢነሣ፣ «ይህ ወባ አይደለም» ብሎ ፈጥኖ የሚናገረው ሰው ከእናንተ ቤት የወጣ ይሆናልና።